«ደንበኛዬ» ማለት ምን ማለት ነው? የንግድ ስም፣ ማኅበራዊ ሚዲያና አማኝ ነጋዴ



የዛሬው ርዕሳችን ከመድረክ ብዙ ጊዜ የማይነሣ ነው፤ ይሁን እንጂ ከምእመናን መካከል ብዙዎቹ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ የሚውሉበት ሥራ ነው። በቴሌግራም ቻናል ልብስና ጫማ የሚሸጡ፣ በፌስቡክ ገጽ የልደት ኬክ የሚያስተዋውቁ፣ በቲክቶክ የቤት ዕቃ የሚያሳዩ ወንድሞችና እህቶች በየአጥቢያው አሉ። ሱቅ ተከራይቶ መክፈት የማይችል ሰው በእጁ ባለው ስልክ ነጋዴ መሆን ችሏል፤ ይህም ጌታን ልናመሰግንበት የሚገባ የተከፈተ በር ነው። ጥያቄው ግን ይህ ነው፦ ፊቱን አይታችሁት የማታውቁት ሰው እንዴት ደንበኛችሁ ይሆናል? ከሆነስ በኋላ እንዴት ደንበኛችሁ ሆኖ ይቆያል? የዓለም ትልልቅ ድርጅቶች ለዚህ ጥያቄ ብዙ ገንዘብ አፍስሰዋል፤ ብዙም ተሳስተው ተምረዋል። ከእነርሱ የምንወስደው ነገር አለ፤ አማኝ የሆነ ነጋዴ ፈጽሞ የማይወስደውም አለ።

ምልክትና ስም

«ብራንድ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል መነሻው ከእሳትና ከማቃጠል ጋር የተያያዘ ነው። ከብት አርቢዎች በጋለ ብረት በከብቱ ቆዳ ላይ የሚያትሙት ምልክት ነበር፤ ከብቱ ቢጠፋ ወይም ከሌላ መንጋ ጋር ቢቀላቀል ባለቤቱ በዚያ ይታወቃል። ኋላ ቃሉ ወደ ሸቀጥ ተሻገረ። በሳሙናው፣ በሻዩና በብስኩቱ ላይ የሚታተመው ስም «ይህን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ችግር ቢገኝበት የምጠየቀውም እኔ ነኝ» የሚል ትርጉም ያዘ። ዛሬ ብዙዎች ብራንድ ሲባል ሎጎ፣ ቀለምና ባነር ይመስላቸዋል። ሎጎ በአንድ ቀን ይሠራል። ብራንድ ግን ስማችሁ ሲጠራ በደንበኛው ልብ ውስጥ የሚመጣው ነገር ነውና በአንድ ቀን አይሠራም፤ በአንድ ቀን ግን ሊፈርስ ይችላል። ጠቢቡ በምሳሌ 22፥1 መልካም ስምን ከብዙ ባለጠግነት ያስበለጠው ለዚህ ነው።

በእኛ ቋንቋ ደግሞ ከብራንድ የሚጠልቅ ቃል አለን፤ እርሱም «ደንበኛ» ነው። ደንበኛ ተራ ገዢ አይደለም። መርካቶ ገብቶ አንድ ጊዜ ገዝቶ የሄደ ሰው ገዢ ነው፤ ደንበኛ ግን ተመልሶ የሚመጣ፣ ስሙና ቤተሰቡ የሚታወቅ፣ ገንዘብ ቢጎድለው «ግድ የለም፣ ነገ ታመጣዋለህ» የሚባል ነው። የሰፈር ባለ ሱቅ የዱቤ ደብተር የሚይዘው ለደንበኛ ነው። ተመዝኖ ካለቀ በኋላ «መርቅልኝ እንጂ!» የምትለውም ደንበኛ ናት፤ ሻጩም ከስፍሩ በላይ ጥቂት ይጨምርላታል። ይህን ጭማሪ ምርቃት ማለታችን እጅግ ደስ ይለኛል፤ አባቶች በሽበታቸው የሚሰጡትን ቃልና በሚዛን ላይ የሚጣለውን ትርፍ ሽንኩርት በአንድ ስም ነው የምንጠራቸው። ሉቃስ 6፥38 ላይ ጌታ ስለ ተትረፈረፈ መስፈሪያ ሲናገር፣ እህል ገበያ የዋለች እናት ከኮሌጅ ተመራቂ ቀድማ የምትረዳው ይመስለኛል።

ስለዚህ የውጭዎቹ ባለሙያዎች «ከደንበኛ ጋር የሚደረግ ግንኙነት» እያሉ በብዙ ክፍያ የሚያስተምሩት ትምህርት ለእኛ እንግዳ አይደለም። አዲስ ነገር ቢኖር ሚዛኑ፣ ደብተሩና ምርቃቱ ወደ ስልክ መግባታቸው ነው።

አንድ ጊታርና አንድ አየር መንገድ

ቀድሞ ማስታወቂያ የአንድ ወገን ንግግር ነበር። ድርጅቱ በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በጋዜጣ ይናገራል፤ ሕዝቡ ይሰማል። የተከፋ ደንበኛ ቢበዛ ለጎረቤቱ ያወራል። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2004፣ ዩቲዩብ በ2005፣ ዛሬ ኤክስ የሚባለው ትዊተር በ2006 ሥራ ከጀመሩ በኋላ ግን ማይክሮፎኑ በሁለቱም እጅ ገባ።

ይህ ምን እንዳስከተለ ለማየት ዴቭ ካሮል የተባለውን ካናዳዊ ሙዚቀኛ ታሪክ እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ2008 ከጓደኞቹ ጋር በዩናይትድ አየር መንገድ ወደ አሜሪካ፣ ኔብራስካ ይጓዝ ነበር። ቺካጎ ላይ አውሮፕላኑ እንደ ቆመ አንዲት ተሳፋሪ በመስኮት ተመልክታ ዕቃ ጫኚዎቹ ጊታር እየወረወሩ መሆኑን ተናገረች። ሠራተኞቹ ተነገራቸው፤ የሰማ ግን አልነበረም። 3,500 ዶላር የሚያወጣው ጊታሩ ተሰብሮ ተገኘ፤ ማስጠገኛው 1,200 ዶላር ፈጀ። ሰውየው ለዘጠኝ ወር ያህል ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ስልክ ሲደውልና ሲጽፍ ቆየ። በመጨረሻ የተሰጠው መልስ «በ24 ሰዓት ውስጥ አላመለከትክምና አንከፍልም» የሚል ነበር። እርሱም ታሪኩን በዘፈን አድርጎ በሐምሌ 2009 በዩቲዩብ ለቀቀው። (ዘፈን መሆኑን አውቃለሁ፤ ምሳሌው ስለሚጠቅመን ታገሡኝ።) በጥቂት ቀናት ውስጥ ሚሊዮኖች ተመለከቱት። ያን ጊዜ ድርጅቱ ራሱ ደወለ፤ ካሳ ልክፈል አለ። ካሮል ገንዘቡን ለበጎ አድራጎት ስጡት አላቸው፤ አየር መንገዱም 3,000 ዶላር ለአንድ የሙዚቃ ማስተማሪያ ተቋም ሰጠ። የጊታሩ አምራች የቴይለር ኩባንያ ባለቤት ደግሞ ያላንዳች ግዴታ ሁለት ጊታር እንስጥህ ብሎ ሰውየውን አነጋገረው።

ወገኖች፣ እዚህ ላይ ልብ በሉ። በዘጠኝ ወር ውስጥ «ይቅርታ፣ እኛ ነን ያጠፋነው፣ እንከፍላለን» የሚል አንድ ሥልጣን ያለው ሰው ቢገኝ ነገሩ በ1,200 ዶላር ያልቅ ነበር። ዘፈኑ የአየር መንገዱን ስም አላበላሸውም፤ በቢሮ ውስጥ ተሰውሮ የነበረውን ወደ አደባባይ አወጣው እንጂ። ማኅበራዊ ሚዲያ ያልነበረንን ጠባይ አይሰጠንም። ያለንን ያጎላዋል።

የኮምፒውተር አምራቹ ዴል በተመሳሳይ መንገድ ተምሯል፤ ትምህርቱ ግን ወደ መልካም ነው የመራው። እ.ኤ.አ. በ2005 ጄፍ ጃርቪስ የተባለ ጋዜጠኛ ስለ ተበላሸበት ኮምፒውተርና ስለ ጥገና አገልግሎቱ በኢንተርኔት ምሬቱን ሲጽፍ፣ ሌሎች ብዙዎች የየራሳቸውን ጨመሩበት። ኩባንያው መጀመሪያ ዝም አለ። በ2006 ግን በየቦታው የሚጻፈውን ቅሬታ እየፈለጉ ሰዎቹን የሚያነጋግሩ ሠራተኞች መደበ፤ በ2007 ደንበኞች ሐሳብ የሚያቀርቡበትና ድምፅ የሚሰጡበት ገጽ ከፈተ። ብዙዎች ሊነክስ የተጫነበት ኮምፒውተር ይሸጥልን ብለው ስለ ጠየቁ በዚያው ዓመት መሸጥ ጀመረ። ግንኙነት ማለት ይህ ነው፤ ደንበኛው ተናገረ፣ ሻጩ አንድ ነገር ለወጠ። የእናንተንም ገጽ በዚህ መመርመር ትችላላችሁ። ባለፉት ስድስት ወራት ደንበኛ ተናግሮ የለወጣችሁት ነገር አለ? ከሌለ ያላችሁ ገጽ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ ነው።

ከረጢቱ ውስጥ ያለው ሁለተኛው ሚዛን

አሁን ወደ አገራችን ገበያ እንምጣ። በቴሌግራምም ሆነ በፌስቡክ የሽያጭ ገጾች ላይ እጅግ የተለመደ አንድ ሐረግ አለ፤ «ዋጋ በኢንቦክስ»። ቀሚሱ ይታያል፣ ሶፋው ይታያል፣ ዋጋው አይታይም። ደንበኛው በውስጥ መስመር ይጠይቃል፤ ሻጩም ከመመለሱ በፊት የጠያቂውን ፎቶ ያያል፣ ስሙን ያያል፣ የስልክ ቁጥሩን መነሻ ያያል። ቁጥሩ በአሜሪካ ወይም በዱባይ ኮድ ከጀመረ ዋጋው ይጨምራል። ሁሉም ሻጭ ይህን ያደርጋል አልልም፤ ነገር ግን ገዢው ይህን እንደሚጠረጥር በውጭ የሚኖሩ ወገኖቻችንን ጠይቁ። በአረብ አገር በሰው ቤት እየሠራች ለእናቷ የፋሲካ በግ በስልክ የምታዝ እህት፣ ከአዲስ አበባ ነዋሪ የበለጠ የምትከፍልበት ምክንያት ምንድን ነው? መራቋና ማመኗ ብቻ!

ዘዳግም 25፥13-14 በከረጢት ውስጥ ሁለት ዓይነት ሚዛን ስለ መያዝ ይናገራል፤ አንዱ ከባድ፣ ሌላው ቀላል። በጥንት ነጋዴ ከረጢት ውስጥ ያለውን ድንጋይ ገዢው አያይም ነበር። ዛሬ ከረጢቱ ኢንቦክስ ነው። እኔ በግሌ ከዚህ ክፍል ይልቅ ለቴሌግራም ነጋዴ የቀረበ ጥቅስ አላውቅም።

የቤተ ክርስቲያን ታሪክ በዚህ ጉዳይ የሚያስተምረን ነገር አለው። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በእንግሊዝ አገር ገበያ ሁሉ የክርክር ነበር፤ ሻጭ ከሚፈልገው በላይ ይጠራል፣ ገዢ ከሚከፍለው በታች ይጠራል። ኩዌከር የሚባሉት ክርስቲያኖች ግን «የማልሸጥበትን ዋጋ መጥራት ውሸት ነው» ብለው ቃላችሁ አዎን ከሆነ አዎን ይሁን የሚለውን የጌታን ትምህርት (ማቴ. 5፥37) በሱቃቸው ሥራ ላይ አዋሉት። ለሁሉም አንድ ዋጋ። መጀመሪያ ላይ ደንበኞች ሸሹአቸው፤ መከራከር የለመደ ሰው ካልተከራከረ የተበላ ይመስለዋልና። (ምሳሌ 20፥14ን ያነበበ ገዢዎችም የራሳችን ድርሻ እንዳለን ያውቃል።) ውሎ አድሮ ግን በእነርሱ ሱቅ ሕፃን ልጅ ቢላክ እንኳ እንደማይታለል ታወቀ፤ መሪያቸው ጆርጅ ፎክስ ይህን በማስታወሻው መዝግቦታል። ሰውም ወደ እነርሱ ጎረፈ። ካድቤሪ የሚባለው የቸኮሌት ስምና ባርክሌይስ የሚባለው የባንክ ስም ከእነዚሁ ወገኖች የተገኙ ናቸው። ያን ጊዜ የማስታወቂያ ባለሙያ አልነበራቸውም።

«ዋጋ ከጻፍኩ ተፎካካሪዬ ያየዋል» የሚል አለ። ይየው! በተፎካካሪ ፍርሃት ከደንበኛ መደበቅ ትርፉ ምንድን ነው? «የዶላር ምንዛሪ ይለዋወጣል» የሚለው ምክንያት ግን ሚዛን የሚደፋ ነው፤ በተለይ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የውጭ ዕቃ የሚሸጡ ሰዎች ተቸግረዋል። መፍትሔው ዋጋውን ከነቀኑ መጻፍ ነው፤ «እስከዚህ ቀን ድረስ በዚህ ዋጋ» ማለት። የማድረሻ ክፍያም ካለ አብሮ ይጻፍ፤ ሞተረኛው በር ላይ ቆሞ የሚነግራት አዲስ ዋጋ አይሁን። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813ም ነጋዴ ዋጋውን በግልጽ እንዲያሳይ ደንግጓል፤ ስለዚህ ጉዳዩ የመንፈሳዊነት ብቻ አይደለም።

ከዋጋው ቀጥሎ ፎቶው አለ። ከውጭ አገር ገጾች የተወሰደ የሚያምር ፎቶ ይለጠፋል፤ የሚመጣው ዕቃ ግን የፎቶው የሩቅ ዘመድ ነው። ነቢዩ አሞጽ (8፥5) የኢፍ መስፈሪያን ስለሚያሳንሱ ነጋዴዎች ሲናገር መስፈሪያው ገዢው የሚያምነው ነገር ስለ ነበረ ነው። በስልክ ለሚገዛ ሰው መስፈሪያው ፎቶው ነው። በገዛ እጃችሁ፣ በቀን ብርሃን፣ የምትሸጡትን ራሱን ዕቃ አንሡ። ጨርቁ ቢያንስም፣ ቀለሙ ቢደበዝዝም ጻፉት። ባሕር ማዶ ሆና ለቤተሰቧ የምታዝዘው እህት ዕቃውን በእጇ አትነካውም፤ ከእናንተ ቃልና ፎቶ ሌላ ምንም ማረጋገጫ የላትም። የተረከበችውን እናት በስልክ አገናኝታችሁ ብታሳዩአት ከማንኛውም ማስታወቂያ ይበልጣል።

የሐሰት ምስክር

በአማኞች ዘንድ «ምስክርነት» ከባድ ቃል ነው። ዛሬ በሽያጭ ገጾች ላይ «የደንበኞቻችን ምስክርነት» እየተባለ የመልእክት ምስል ይለጠፋል። አንዳንዱ እውነት ነው። አንዳንዱ ግን ባለቤቱ በሁለተኛ ስልኩ ለራሱ የጻፈው ነው! በዚህ ጉዳይ ትልልቆቹም ተይዘዋል። በአሜሪካ ሰንዴይ ራይሊ የተባለ የመዋቢያ ምርቶች ኩባንያ ኃላፊዎችና ሠራተኞች በሐሰት ስም በሴፎራ ገጽ ላይ የራሳቸውን ምርት ሲያመሰግኑ መቆየታቸውን የአገሪቱ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ አደረገ። ፋሽን ኖቫ የተባለው የልብስ ሻጭ ደግሞ ከአራት ኮከብ በታች የሆኑ አስተያየቶች እንዳይታዩ አድርጓል በሚል ክስ በ2022 4.2 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። በ2024 ኮሚሽኑ የሐሰት አስተያየትንና የሐሰት ተከታይ መግዛትን የሚከለክል ደንብ አወጣ። የዓለም መንግሥት በ2024 ደንብ ያወጣበትን ነገር ዘጸአት 20፥16 በሲና ተራራ ከልክሎታል። ሁለተኛው ኩባንያ ውሸት አልጻፈም፤ እውነቱን ደበቀ እንጂ። ቅሬታ እያጠፉ ምስጋና ብቻ ማስቀረት ከዚህ በምን ይለያል?

ተከታይ መግዛትም ጥቅም የለውም፤ ኃጢአትነቱን ትተን በሥራው ብቻ ብናየው እንኳ። በቴሌግራም ቻናል ላይ እያንዳንዱ ጽሑፍ ስንት ሰው እንዳየው ከሥሩ ይታያል። አሥር ሺህ አባል ያለው ቻናል ላይ ሰማንያ ሰው ብቻ ያየው ጽሑፍ ሲታይ አስተዋይ ደንበኛ ነገሩን ወዲያው ይረዳል። በፌስቡክም እ.ኤ.አ. በጥር 2018 ኩባንያው የገጾችን ጽሑፍ ቀንሶ የወዳጅና የቤተሰብ መልእክት እንደሚያስበልጥ አስታውቆ ነበር። ስለዚህ ሁለት መቶ እውነተኛ ደንበኞች ለወዳጆቻቸው ሲያስተላልፉላችሁ፣ ከሃያ ሺህ የሙት ተከታይ ይበልጣሉ።

ቅሬታ ሲመጣ

እንበል አንዲት እህት የሐበሻ ቀሚስ ትሸጣለች። ለሠርግ የታዘዘ ቀሚስ በአንድ ቀን ዘገየ፤ ደንበኛዋም በገጹ ላይ ሰው ሁሉ በሚያየው ቦታ «አታላዮች ናችሁ» ብላ ጻፈች። ምን ይደረግ? የብዙዎች የመጀመሪያ ስሜት ማጥፋትና ማገድ ነው። ሁለተኛው ስሜት መከራከር ነው፤ «ሸማኔው ነው ያዘገየው፣ መብራት ጠፍቶ ነው፣ አንቺም ልክሽን ዘግይተሽ ነው የላክሽው» እያሉ።

የሚሠራው መንገድ ሌላ ነው። በዚያው ቀን፣ በዚያው ቦታ፣ በአጭሩ መልስ ይሰጥ፦ «እህታችን፣ ለሠርግሽ ሳይደርስ መቅረቱ የእኛ ጥፋት ነው፤ ይቅርታ እንጠይቃለን፤ አሁኑኑ እንደውልልሻለን።» ከዚያ ይደወል እንጂ በጽሑፍ አይነታረኩ። ገንዘቡን መመለስ፣ ማስተካከል ወይም መካስ የሚገባው በስልኩ ላይ ይወሰን፤ የሰዎች የገንዘብ ጉዳይ አደባባይ አይውጣ። ነገሩ ካለቀ በኋላ ተመልሳችሁ በመጀመሪያው ቦታ «ተነጋግረን ጨርሰናል» ብላችሁ ጻፉ። ከእርሷ ይልቅ ያን የሚያነቡት ሌሎቹ ብዙ ናቸው፤ እነርሱም የሚመለከቱት ጥፋት መኖሩን አይደለም፣ ጥፋት ሲመጣ ምን እንደምታደርጉ ነው። ጌታ በማቴዎስ 5፥25 ከባላጋራህ ጋር በመንገድ ሳለህ ፈጥነህ ተስማማ ያለበት ምክር በዚህ ቦታ በትክክል ይሠራል፤ ፈጥነህ የሚለውን ልብ በሉ። ዩናይትድ ዘጠኝ ወር ነበረው።

ሊጠፋ የሚገባው ጽሑፍ የለም ማለቴ አይደለም። ስድብ፣ ብሔርን ከብሔር የሚያናክስ ቃል፣ የሌላ ሰው ስልክ ቁጥር ወይም ምስል የያዘ ነገር ይጥፋ። ቅሬታ ግን ስድብ አይደለም፤ ሲመር እንኳ። ደግሞም ገጹን የሚይዝላችሁ ወጣት ተቀጣሪ ከሆነ ይቅርታ የመጠየቅና እስከ ተወሰነ ብር ድረስ የመመለስ ሥልጣን ስጡት። «አለቃዬን ልጠይቅ» የሚለው መልስ ነው ሰውን የሚያቃጥለው።

ማሬ፣ ውዴና ቅዱሳን

እዚህ ላይ ስለ ቋንቋ አንድ ነገር ልበል። «እሺ ማሬ»፣ «አለሽ የኔ ቆንጆ»፣ «ውዴ ሒሳቡን አስገቢና ላኪልኝ።» አይቶአት የማያውቃትን ሴት ማሬ የሚል ሻጭ፣ ዕቃው ሲበላሽ ስልክ ያጠፋል። ጳውሎስ በሮሜ 12፥9 ፍቅር ያለ ግብዝነት እንዲሆን ያሳሰበው ለጉባኤ ብቻ አይመስለኝም። «እርስዎ» ብሎ በአክብሮት መናገር፣ በተባለው ሰዓት መድረስና ደውለው ሲያጡን መልሰን መደወል ከማር ሁሉ ይጣፍጣል። ከሻጭና ከገዢ መካከል የሚኖረው ግንኙነት የወዳጅነት ስም ባይኖረውም ነውር የለበትም። ታማኝነት ይበቃዋል።

በእኛ ዘንድ ደግሞ ከማር የሚከፋ ነገር አለ፤ እርሱም የጌታን ስም ለማስታወቂያ ማዋል ነው። ኤልሻዳይ፣ ቤቴል፣ ሻሎም፣ አማኑኤል የሚሉ የንግድ ስሞች በየመንገዱ አሉ። ስሙን መጠቀም ኃጢአት ነው አልልም፤ ብዙዎች በምስጋና ነው የሰየሙት። ነገር ግን የዘገየ ትእዛዝና ያልተመለሰ ገንዘብ ሲኖር ሰዎች የሚጽፉት ያን ስም እየጠሩ ነው። በስሙ ምክንያት ሥራችሁ ከሌሎች የበለጠ ጥንቃቄ አለበት። ከንግዱ ስም አጠገብ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅስ መለጠፍም እንዲሁ ነው፤ ጥቅሱ ለዕቃው ዋስትና ሆኖ እንዲቆጠር ከተለጠፈ የእግዚአብሔርን ስም በከንቱ መጥራት ነው።

የቤተ ክርስቲያን ግሩፕ ጉዳይም ብዙ ጊዜ ይነሣል። የጸሎት ርዕስ ከሚተላለፍበት ግሩፕ ላይ የአባላትን ስልክ ቁጥር እየለቀሙ ወደ ሽያጭ ቻናል ማስገባት ሌብነት የሚመስለኝ ልማድ ነው። ሰዎቹ ቁጥራቸውን የሰጡት ለጸሎት ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ም የሰውን መረጃ ለተሰጠበት ዓላማ ብቻ የመጠቀምን መርሕ የያዘ ነው። ከዚህም ሌላ ወገኖች በ«ወንድማችን» ስም ሲሸጥላቸው ደረሰኝ መጠየቅ ያፍራሉ፣ ሲበደሉም ለመናገር ያፍራሉ። ስለዚህ ለአማኝ የምትሸጡ ከሆነ ሳይጠይቁ ደረሰኝ ስጡ፤ ለማያምነው ከምታደርጉት ያነሰ ሳይሆን የበለጠ ማስረጃ ስጡ። መጋቢዎችም የአባሎቻችንን ቻናል ከመድረክ ማስተዋወቅ የለብንም፤ ዕቃው ቢበላሽ የሚጠየቀው የእግዚአብሔር ቤት ነውና። ቤተ ክርስቲያን የማስታወቂያ ሰሌዳ ብታዘጋጅና ሁሉም በእኩል ቢለጥፍ ይሻላል፤ «ቤተ ክርስቲያኗ ለዕቃው ኃላፊ አይደለችም» የሚል መስመርም ከላይ ይኑረው።

በመጨረሻም በበዓላት ሰሞን የሚታይ አንድ ልማድ አለ። ድርጅቶች ለአረጋውያንና ለሕፃናት ማሳደጊያዎች ዘይትና ዱቄት ሲሰጡ ፎቶ ይነሣሉ፤ ፎቶውም በገጹ ላይ ይወጣል፤ የባለሙያዎቹ ምክርም ይህ የድርጅቱን ስም ያስወድዳል የሚል ነው። አማኝ ነጋዴም ከአሥራቱ ውጭ ለድሆች ሲሰጥ ሠራተኞቹ «እንልቀቀው?» ይሉታል። ማቴዎስ 6፥1-4 በዚህ ላይ የተሸፈነ ነገር የለውም። ለደንበኞች ገንዘቡ የት እንደ ዋለ የመንገር ግዴታ ካለባችሁ፣ ለምሳሌ ከእያንዳንዱ ሽያጭ አሥር ብር ለአንድ ሥራ እንሰጣለን ብላችሁ ሰብስባችሁ ከሆነ፣ የተሰበሰበውን መጠንና የተረከበውን ተቋም ደረሰኝ ለጥፉ። የተቀበለችውን እናት ፊት ግን አትለጥፉ። የዱቄቱ ጆንያ ፎቶ ይበቃል።